«ሁሉም ይዘጋ» በሚለው ወረቀት ላይ ልፈርም?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሳቢያን ነው። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ስልኩ ላይ፣ ቴሌግራም ውስጥ፣ የወሲብ ቪዲዮ የሚለቅ ቻናል አገኘሁበት። ደንግጬ ለሌሎች ወላጆች ስናገር ለካ ብዙዎቹን ገጥሟቸዋል። አሁን የወላጆች ኮሚቴያችን ፊርማ እያሰባሰበ ነው። መንግሥት የአዋቂ ድረ ገጾችን በሙሉ እንዲዘጋ፣ ካልሆነም እንደ እንግሊዝ መታወቂያ ሳያዩ እንዳያስገቡ እንዲያስገድድ ይጠይቃል። ለማስረጃ ተብሎ ቪዲዮዎቹ ግሩፓችን ላይ ተለቀዋል። ባለቤቴ ፈርሟል። እኔ ግን በ2015 ቴሌግራም ሲዘጋ የሆነውን ሳስታውስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልፈርም ወይስ ልተው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችንም የድሬዳዋ ሰዎች ስለሆንን «አንቺ» ልበልሽ። እዚህ ከተማ «እርስዎ» ካበዛሁ የሰፈሬ ልጆች ይስቁብኛል።

ስለ ፊርማው ከማውራታችን በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። «ለማስረጃ» ተብለው ግሩፓችሁ ላይ የተለቀቁትን ቪዲዮዎች ዛሬውኑ አጥፏቸው። ከግሩፑ ብቻ ሳይሆን ከየስልካችሁ ጋለሪም ጭምር። አንድ አባት ተናዶ «ልጆቻችን የሚያዩትን እዩልኝ!» ብሎ ሲልክ፣ ያ ቻናል ገና ያልገባባቸው ቤቶች ውስጥ እሱ ራሱ አስገባው። የወላጆቹስ ስልክ ማታ ማታ ማን እጅ ላይ ነው የሚያመሸው?

ሕጉም በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 እንዲህ ዓይነቱን ምስል ማዘጋጀትን፣ ከውጭ ማስገባትን፣ መያዝን፣ መሸጥን፣ ማሰራጨትን አንድ ላይ ደርድሮ ነው የሚከለክለው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ወይም ከመሰለ ደግሞ ነገሩ ወደ ኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያልፋል። የዚያ አዋጅ አንቀጽ 12 መያዝን ጨምሮ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። «ለማስረጃ ነው የያዝኩት» ብሎ ፖሊስ ፊት ከማስረዳት ጭራሽ አለመያዝ ይሻላል። የቻናሉን ስምና ያያችሁበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፉ። ለመጠቆም ያ ይበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ወረቀቱ አሁን ባለበት መልኩ ከሆነ አትፈርሚ። ኮሚቴው ይበተን ማለቴ ግን አይደለም። ንዴታችሁ ልክ ነው። ወረቀታችሁ የሚያወራው ስለ ድረ ገጽ ነው። አንቺ ያገኘሽው ደግሞ የቴሌግራም ቻናል ነው። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም።

እኔ ድሬና ሐረር ውስጥ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለኢንተርኔት ቤት ኔትወርክ ስዘረጋ 16 ዓመት ሆነኝ። «ቆሻሻ ነገር እንዳይገባ አድርገህ ሥራልኝ» ያላለኝ ባለቤት የለም ማለት ይቻላል። ከሳምንት በኋላ ደውሎ «አቦ፣ ምን ሠራህልኝ? ልጆቹ አሁንም ያያሉ» ያለኝም ብዙ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ከተሸነፍኩበት ልምዴ ነው።

አንድ ቴሌኮም ድረ ገጽ የሚዘጋው እንዲህ ነው። ልጅሽ አድራሻ ሲጽፍ ስልኩ መጀመሪያ ዲኤንኤስ የሚባለውን የስም ማውጫ «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ማውጫው «አላውቀውም» እንዲል ማድረግ አንዱ ዘዴ ነው። ሌላው፣ ግንኙነቱ ሲጀመር የሚታየውን የድረ ገጹን ስም አይቶ መስመሩን መቁረጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የታሸገ ነው። ዛሬ ድረ ገጽ ሁሉ ማለት ይቻላል የተመሠጠረ ስለሆነ ቴሌኮሙ የፖስታውን አድራሻ ያነባል እንጂ ደብዳቤውን አያይም።

እንግዲህ ቴሌግራምን በዚህ ዓይን እዪው። ፖስታው ላይ የተጻፈው «ቴሌግራም» ብቻ ነው። ውስጡ የሒሳብ መምህሩ የላከው የቤት ሥራ ይኑር፣ የመስጊዱ ደርስ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ የለጠፈው የጫማ ፎቶ ወይም ያ ቻናል፣ ከውጭ ለሚያየው አንድ ነው። ቴሌኮሙ ወይ ሁሉንም ይዘጋል፣ ወይ ሁሉንም ይተዋል። የኮሚቴያችሁ ጥያቄ ነገ አንድም ሳይቀር ቢፈጸም እንኳ፣ አንቺን ያስደነገጠሽ ቻናል ከነገ ወዲያም እዚያው ልጅሽ ስልክ ላይ ነው።

ሁሉንም መዝጋት ምን እንደሚመስል ደግሞ አይተናል። በየካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። የተከፈቱት ሐምሌ ላይ ነው። በእነዚያ አምስት ወራት ከ70 ዓመት በላይ የሆናት እናቴ «ቪፒኤኔ ዛሬ እምቢ አለኝ» ብላ ትደውልልኝ ጀመር። በ2008 ክረምትም በፈተና ሰበብ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘግቶ ነበር። እንዲህ እያለ አገሩ በሙሉ አጥር መዝለል ተማረ። የ13 ዓመት ልጅ ቪፒኤን ለመጫን ከእናቴ የበለጠ ጊዜ አይፈጅበትም። ነጻዎቹ ቪፒኤኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መሀል መሀል የሚያመጡት ማስታወቂያ ራሱ ብዙ ጊዜ ለልጅ የሚሆን አይደለም።

የዝርዝሩም ነገር አለ። «አዋቂ ድረ ገጾች» ሲባል ማን ነው የሚዘረዝራቸው? ህንድ እ.ኤ.አ. በ2015 857 ድረ ገጾች ይዘጉ ብላ አዘዘች። ሲታይ ዝርዝሩ ውስጥ የቀልድ ገጽ ሁሉ ገብቷል። ጩኸቱ ሲበዛ በቀናት ውስጥ ትእዛዙን አላላችው። እዚያ ጩኸቱ ሠርቷል። እዚህ ይሠራል ብለሽ ታምኛለሽ?

ኢንተርኔቱን ለጊዜው ተዪውና ወደ ታይዋን እንውረድ። ባለፈው ዓመት የስልኬ ስክሪን ተሰንጥቆ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ቬንቲሌተሩ ሙቀቱን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መጣ። ከልጅሽ ብዙም አይበልጥም። ሚሞሪ ካርዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምን ልጫንልህ?» አለው ሠራተኛው።

ልጁ እኔን በጎን አየት አደረገኝና «አክሽን... ከዚያ ደግሞ ትምህርቱን» አለ።

ሠራተኛው ፈገግ ብሎ ኮምፒዩተሩ ላይ «ትምህርት» የሚል ፎልደር ከፈተ። ከተቀመጥኩበት ስክሪኑ ይታየኛል። ትምህርት አልነበረም። ኮፒ፣ ፔስት። ልጁ ሳንቲሙን ሳይቀር ቆጥሮ ከፈለና ካርዱን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ሄደ። ዳታ የለ፣ ፓኬጅ የለ፣ ቪፒኤን የለ።

«ምነው፣ ልጅ እኮ ነው» አልኩት።

«እኔ ካልጫንኩለት ጎረቤቴ ይጭንለታል» አለኝ ቀና ሳይል።

ስልኬን ተቀብዬ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም ድረስ ይቆረቁረኛል። አንቀጽ 640 ለእንዲህ ዓይነቱ ሱቅ ልክ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ሎንዶን ወይም ካናዳ ያለ ኩባንያ ማሳደድ አያስፈልገንም። ሱቁ ጋ በባጃጅ ይደረሳል። የወላጆች ኮሚቴ ፊርማ ጉልበት የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀታችሁ ግን ስለዚህ አንድም ቃል የለውም።

አሁን ስለ እንግሊዙ ነገር። የዕድሜ ማረጋገጫ ሲባል ሁሌ ትዝ የሚለኝ የልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ነው። ቀን ቀን ካራቴና የህንድ ፊልም ያሳያል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ «የአዋቂ» ይሆናል። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተጋርዷል። በረኛው ሁላችንንም ያውቀናል። «አንተ የባቡር ጣቢያው የእገሌ ልጅ አይደለህ? ጥፋ ከዚህ!» ይላል። መታወቂያ አይጠይቅም፣ ስም አይጽፍም። ትልልቆቹን አየት አድርጎ ያሳልፋል። ጠዋት ላይ ማን እንደገባ የሚናገር ወረቀት የለም። እኛ ደግሞ በጓሮ ዞረን በቆርቆሮው ቀዳዳ ለማየት እንጋፋ ነበር። የእኛ ዘመን ቪፒኤን ያ ነበር።

ዓለም የሚከራከረው በዚህ በረኛ ላይ ነው። ኢንተርኔት በር ላይ ይቁም ወይስ አይቁም? ከቆመ የት ይቁም? ደብተር ይያዝ ወይስ አይያዝ?

እንግሊዝ አቁማዋለች። በ2017 ሕግ አውጥታ ሞክራ ነበር፤ በ2019 ተወችው። ከዚያ በ2023 የኦንላይን ደህንነት ሕግን አወጣች። ከጁላይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ የወሲብ ይዘት የሚያቀርብ አገልግሎት ሁሉ የሚገባው ሰው አዋቂ መሆኑን ከልብ ማረጋገጥ አለበት። «18 ሞልቶኛል» የሚለውን ሳጥን መንካት ከእንግዲህ አይበቃም። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም እምቢ ያለውን ኩባንያ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ ሊቀጣው ይችላል፣ የሚበልጠውን። (ስለ ውጭ አገር ነገሮች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ኮሚቴያችሁ «መታወቂያ ሳያዩ» ብሎ የጻፈው ግን ጎደሎ ነው። መታወቂያ አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ክሬዲት ካርድ አለ፣ ባንክ የሚሰጠው ማረጋገጫ አለ፣ የሞባይል ኩባንያው የሚሰጠው አለ። ፊትሽን ለካሜራ አሳይተሽ ኮምፒዩተር ዕድሜሽን የሚገምትበትም አለ። ሥራ በጀመረ ሰሞን ወጣቶች ከጌም ላይ የወሰዱትን ገጸ ባሕርይ ፊት ለካሜራው አሳይተው አለፉ። ቪፒኤኖች በእንግሊዝ በብዛት ከሚወርዱት አፖች ራስ ላይ ወጡ።

ይህን ሰምተው «አየህ፣ አይሠራም» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ቆርቆሮው ቀዳዳ ስለነበረው በረኛው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የሆነው፣ ምንም ሳይፈልግ በአጋጣሚ የሚገባ ልጅ በበረኛው ይመለሳል። 16 ዓመት የሆነው ደግሞ መንገዱን ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ መለካት ትክክል አይደለም። ከነዚህ ይዘቶች ብር የሚያጋብሱት ኩባንያዎች በራቸው ላይ ሰው ያቁሙ መባሉን እደግፋለሁ። ወጪውም የነሱ ነው።

የሚያስፈራኝ ደብተሩ ነው። በኦክቶበር 2025 ዲስኮርድ የተባለው የወጣቶች መገናኛ 70,000 የሚጠጉ ተጠቃሚዎቹ የመታወቂያ ፎቶ ሳይወጣ እንዳልቀረ አስታወቀ። ሰዎቹ መታወቂያቸውን የላኩት «ዕድሜዬ ደርሷል» ብለው ለመከራከር ነበር። ዲስኮርድ እንዳለው የተዘረፈው እሱ ራሱ አይደለም፤ የደንበኛ አገልግሎት የሚሠራለት ሌላ ድርጅት ነው። አሁን ያን መታወቂያ ከወሲብ ድረ ገጽ ጋር አያይዘሽ ድሬ ላይ አስቢው። ወሬ ከከዚራ ተነስቶ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መጋላ የሚደርስበት ከተማ ነው። ስንት ትዳር፣ ስንት ሥራ፣ ስንት ማስፈራሪያ ይወጣዋል?

ፈረንሳዮቹ ለዚህ የሚሆን ነገር አስበዋል። ድርብ ስውርነት ይሉታል። እንደ ሲኒማ ትኬት አድርገሽ ያዢው። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ፊትሽን አይቶ ትኬት ይሰጥሻል፤ የትኛውን ፊልም እንደምታዪ ግን አያውቅም። በሩ ላይ ያለው ትኬቱን ይቀድዳል፤ ማን እንደሆንሽ አያውቅም። ሁለቱ ካልተመካከሩ ደብተር አይኖርም። ሆኖም የፖርንሀብ ባለቤት የሆነው አይሎ የሚባለው የካናዳ ኩባንያ በጁን 2025 ከፈረንሳይ ወጣ። «ማረጋገጡ ያለበት በየድረ ገጹ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ ነው፣ አፕልና ጎግል ይሥሩት» ነው የሚለው። ሸክሙን ከጫንቃው ለማውረድ እንደሚል ግልጽ ነው። ግን ነገሩ ውስጥ ትንሽ እውነትም አለበት። ስልኩ ላይ አንዴ ከተረጋገጠ በየበሩ መታወቂያ መዘርገፍ ይቀራል።

አሜሪካ ደግሞ ሐሳቧን ቀይራለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ1997 ልጆችን ከእንዲህ ዓይነት ይዘት ለመጠበቅ የወጣውን ሕግ ዋና ክፍል «የአዋቂዎችን የመናገር ነጻነት ይነካል» ብሎ ጣለው። በ2004 ሁለተኛውንም አገደው። በጁን 2025 ግን የቴክሳስን የዕድሜ ማረጋገጫ ሕግ 6 ለ3 አጸደቀው። ሦስቱ ተቃዋሚ ዳኞች የልጆች ጥበቃን አልተቃወሙም። ጥያቄያቸው አዋቂውን ባነሰ ጉዳት ይህን ማድረግ አይቻልም ወይ ነው።

እነዚህን ሁሉ አገሮች የጠቀስኩልሽ ወደ አንድ ነገር ላመጣሽ ነው። እንግሊዝም ፈረንሳይም ቴክሳስም የሚጀምሩት «ለአዋቂ የተፈቀደ ነው» ከሚል ነው። ክርክራቸው ልጁን ከአዋቂው እንዴት እንለይ የሚል ነው። የእኛ ሕግ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። አንቀጽ 640ን እንደገና አንብቢው። ለአዋቂም ቢሆን መሸጥና ማሰራጨት ክልክል ነው። ታዲያ መንግሥት «ይህ ቤት መኖር የለበትም» ባለው ቤት በር ላይ እንዴት በረኛ ይቀጥራል? ኮሚቴያችሁ «ወይ ይዘጋ፣ ወይ ዕድሜ ይጣራ» ሲል ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን በአንድ ወረቀት ጠይቋል። ይህን ወረቀት የሚቀበል ባለሥልጣን አንድ የሕግ ባለሙያ ካማከረ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ሥራውስ ቢጀመር በምን ይጣራል? ክሬዲት ካርድ እኛ ጋ ስንት ሰው አለው? ሲም ካርድ እንዳትዪ፣ የልጅሽ ሲም በማን ስም ነው የወጣው? ያንቺ ወይም የአባቱ። ኮምፒዩተሩ «ይህ ተጠቃሚ 42 ዓመቱ ነው፣ ይግባ» ይለዋል። የፊት ግምትም ቢሆን የአሜሪካው የመለኪያ ተቋም ኒስት በ2024 ሲፈትሸው የስህተቱ መጠን በፆታና በትውልድ አካባቢ እንደሚለያይ ነው ያገኘው። የሚቀረው ፋይዳ ነው። ፋይዳን ለባንክና ለትምህርት እደግፈዋለሁ፣ እኔም አውጥቻለሁ። የፋይዳ ቁጥርን ከእንዲህ ዓይነት ነገር ጋር ማገናኘት ግን ደብተሩን አገር አቀፍ ማድረግ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሚያስፈጽመውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ገና ልጅ ነው ግን። በስሱ ነገር አንፈትነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? እኔ ብሆን ከላይ የሱቆቹን ጉዳይ አስቀምጣለሁ። ለልጅ ሚሞሪ የሚጭን ሱቅ ላይ ሕጉ ይፈጸም። ለዚህ አዲስ አዋጅም ሆነ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥሎ ለሁለቱ ቴሌኮሞች እጽፋለሁ። ሳፋሪኮም አገልግሎቱን መሞከር የጀመረው ከሁሉ በፊት እዚሁ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014። ፉክክሩ ቀድሞ የገባው እኛ ጋ ከሆነ እንጠቀምበት እንጂ። «የልጅ ሲም» አውጡ በሏቸው፤ ወላጅ ፈልጎ የሚገዛው፣ የአዋቂ ይዘት የተጣራበት፣ ወላጅ ራሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው። እንግሊዝ ውስጥ የሞባይል ኩባንያዎች ለዓመታት እንዲህ ዓይነት ማጣሪያ ነበራቸው፤ አዋቂው ዕድሜውን ካሳየ ይነሳለታል። አስገዳጅ ያልሆነን ማጣሪያ ማንም ለሌላ ነገር አያውለውም።

ሦስተኛው የማስፈራራት ነገር ነው። ይህ ከቪዲዮው ይበልጥ ያሳስበኛል። «ፎቶሽን እለቃለሁ» እየተባሉ ብር የሚልኩ ልጆች እዚህ ከተማ አሉ። ወንዶችም አሉ። የአዋጅ 958 አንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ማስፈራራትን ይይዛል። ትልቅ ሰው ልጅን በመልእክት ካባበለ ደግሞ አንቀጽ 12 አለ። የሚጎድለው አንዲት ልጅ ብቻዋን ሄዳ ሳታፍር የምታመለክትበት ጠረጴዛ ነው። ሴት ፖሊስ የተቀመጠችበት አንድ ጠረጴዛ ጠይቁ። እንዲህ ከተጻፈ ሳቢያን ድረስ መጥቼ እኔም እፈርማለሁ።

ቻናሉንስ? ሪፖርት አድርጉት። ድሮ ለቴሌግራም ማመልከት ግድግዳ ማናገር ነበር። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኩባንያው የልጆችን ጥቃት ምስሎች ከሚያድነው የእንግሊዙ ኢንተርኔት ዋች ፋውንዴሽን ጋር መሥራት ጀመረ። ቻናሉ ላይ ልጅ ካለ ከሪፖርቱ ምርጫዎች ውስጥ የልጅ ጥቃት የሚለውን ምረጡ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የራሱ ፎቶ እንዳይሰራጭ ከፈራ ደግሞ በ2023 የተጀመረ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፤ ከፎቶው ላይ ተሰልቶ የሚወጣ፣ «አሻራ» የሚሉት የቁጥር ምልክት ብቻ ነው የሚላከው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ አሻራ ይፈልጉታል።

አሁን ቤትሽ። የዋይፋይ ራውተር ካለሽ ዲኤንኤሱን 1.1.1.3 አድርጊው፤ ሁለተኛው ቦታ ላይ 1.0.0.3 ጻፊ። ክላውድፍሌር የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ2020 ለቤተሰብ ያወጣው ነጻ ማውጫ ነው። የአዋቂ ድረ ገጽ ሲጠየቅ «አላውቀውም» ይላል። አገር አቀፍ መዝጊያው የሚሠራውን ያህል ይህም ይሠራል፤ ልዩነቱ ቁልፉ አንቺ እጅ መሆኑ ነው። በሞባይል ዳታ ሲሆን አይሠራም፣ ቴሌግራምንም አይነካም። አንድሮይድ ከሆነ የጎግሉን ፋሚሊ ሊንክ ጫኚበት። ያለ አንቺ ፈቃድ አፕ እንዳይጭን ያደርጋል። ቪፒኤንም አፕ ነው።

ቴሌግራሙ ላይ ሁለት ነገር አለ። «ሴቲንግስ» ገብተሽ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ ግሩፖችንና ቻናሎችን የሚመለከተው ጋ፣ ማን ሊጨምረው እንደሚችል «ማይ ኮንታክትስ» ላይ አድርጊው። ብዙ ልጅ ቻናል ፈልጎ አይገባም፤ የማያውቀው ሰው ነው ጎትቶ የሚያስገባው። ልጅሽም እንደዚያ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ከመቆጣትሽ በፊት ጠይቂው። ሁለተኛው «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ያለው ሚዲያ በራሱ ጊዜ የሚወርድበት ነው፣ አጥፊው። ጋለሪ ውስጥ የተገኘው ሁሉ ልጁ ፈልጎ ያወረደው አይደለም።

ከልጅሽ ጋር ስለሚደረገው ወሬ እኔ የኔትወርክ ሰው ነኝ፣ ብዙ አልልም። ስልኩን ነጥቀሽው ከሆነ ግን መልሺለት። ለቀረጻና ለማስፈራራት ጉዳይ ወላጆች ሲጠሩኝ ያየሁት አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ክፉኛ የተገረፈው ልጅ፣ በኋላ ሲያስፈራሩት ለእናቱ አይናገርም። ብሩን ከየትም አምጥቶ ይልካል።

የራውተሩን ፓስወርድ ግን ዛሬ ማታ ቀይሪው። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ልጅሽ ካነበበው ቆይቷል።